በሩን ሳይለኩ ስፒከር አይግዙ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመኪና ስፒከርን፣ በተለይም ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) እና ውፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ) ተለያይተው የሚገጠሙበትን ኮምፖነንት የሚመለከቱ በመሆናቸው ዓምዱን ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የፊት በሮቼን ስፒከር ልቀይር አስቤ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ። አንዱ ትዊተሩ መሃሉ ላይ የተተከለ ኮአክሲያል ነው፤ ካርቶኑ 300 ዋት ይላል። ሌላው ኮምፖነንት ሲሆን 70 ዋት ብቻ ይላል። ቴፔ ላይ «50 ዋት በ4» ተጽፏል፤ አምፕሊፋየር (ተጨማሪ የድምፅ ማጉያ) የለኝም። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ 300 የሚለውን ቁጥር ይርሱት። «ማክስ» ወይም «ፒክ» ተብሎ የሚጻፈው ለቅጽበት ብቻ የሚመጣ ኃይል ነው፤ አምራቹም ደስ እንዳለው ይጽፈዋል። የሚታመነው ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚችለው፣ አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ካርቶኑን ገልብጠው ይፈልጉት። ጭራሽ ካልተጻፈ ዕቃውን መልሰው ያስቀምጡ።

የቴፕዎ 50 ዋትም ከዚያው ወገን ነው፤ «በ4» የሚለው ለአራቱ የስፒከር መውጫዎች ለእያንዳንዳቸው ማለት ነው። ሞተር ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ቮልት 4 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ነው) በስሌት የሚገኘው ንጹሕ ኃይል 26 ዋት ሲሆን፣ ወደ ሙቀት የሚሄደው ተቀንሶ በእጅ የሚገባው 20 ዋት አካባቢ ነው። ተራ ቴፕ ሁሉ፣ ፊቱ ላይ ምንም ይጻፍ፣ እዚያው ላይ ነው።

ስለዚህ አምፕሊፋየር ለሌለው ሰው ወሳኙ ዋቱ ሳይሆን ሴንሲቲቪቲው ነው፤ ይኸውም ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚጮኽ። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እናም 92 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 86 ዴሲቤል የሆነው ለመስጠት 80 ዋት ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ፦ አንዳንዱ አምራች የሚለካው በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። ይህ በ4 ኦም ስፒከር ላይ 2 ዋት ማለት ስለሆነ ቁጥሩ በ3 ዴሲቤል ያብጣል። ሲያወዳድሩ ይቀንሱለት።

ኮምፖነንቱ 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እሱን ይግዙ። 86 ወይም 87 ከሆነና አምፕሊፋየር የመግዛት ሐሳብ ከሌለዎት ግን ጥሩ ሴንሲቲቪቲ ያለው ኮአክሲያል ይሻልዎታል፤ ስፒከሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ኃይል ስለሚያጥረው ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው ስፒከሬ 6.5 ኢንች ስለሆነ 6.5 ኢንች ገዛሁ። ሲገጠም የበሩ መስታወት ማግኔቱን እየነካ አልወርድ አለ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ 6.5 ኢንች የፊቱን ስፋት እንጂ ጥልቀቱን አይነግርም። ከመግዛት በፊት የበሩን ሽፋን አውልቀው መስታወቱን እስከ መጨረሻው ያውርዱ፤ ከዚያ ስፒከሩ ከሚያርፍበት ላሜራ እስከ መስታወቱ ያለውን በማስመሪያ ይለኩ። ከተገኘው ላይ 5 ሚሊሜትር ለመንቀጥቀጥ ይተዉ፤ የሚገዙት ስፒከር ጥልቀት ከቀሪው መብለጥ የለበትም። ወደ ፊትም ይለኩ፤ ሽፋኑ ተመልሶ ሲገጠም ውፈሩ መረቡን እንዳይመታ።

አሁን ለገዙት መፍትሔው ቀለበት ነው። 12 ወይም 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ከሥሩ ቢገባ ማግኔቱ በዚያው ልክ ከመስታወቱ ይርቃል። ከኤምዲኤፍ (ከተፈጨና ከተጨመቀ እንጨት የሚሠራ ጣውላ) የሚያሠሩ ከሆነ ግን ሁሉንም ጎኑን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ጭምር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም ያስቀቡት። በር ውስጥ ውኃ ይገባል፤ ያልተቀባ ኤምዲኤፍ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ብሎኑም አይዝም።

ጥያቄ፦ ደህና ኮምፖነንት ከ4 ቻናል (አራት የስፒከር መውጫ ካለው) አምፕሊፋየር ጋር አስገጠምኩ። ድምፁ ጥርት ብሏል፣ ቤዙ ግን ከፋብሪካው ስፒከር አነሰ! ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ይህ በብዛት ከሚደርሱን ቅሬታዎች አንዱ ነው፤ ስፒከሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ግን አልፎ አልፎ ነው። ሁለት ነገር ያጣሩ።

አንደኛው የገመድ መገላበጥ ነው። የአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተለዋወጠ አንዱ ውፈር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቴፑ ላይ ባላንሱን ወደ አንድ ጎን ብቻ ያድርጉና ያዳምጡ፣ ከዚያ መሃል ይመልሱት። መሃል ላይ ሲሆን ቤዙ ከቀነሰ ተገልብጧል ማለት ነው። የትኛው በር እንደሆነ ለማወቅ የውፈሩን ገመዶች ከክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለትዊተርና ለውፈር ከሚከፍለው ሣጥን) ነቅለው 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኳቸው። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ ውፈሩ ወደ ውጭ መዝለል አለበት። ትዊተር ላይ ይህን አይሞክሩ።

ሁለተኛውና ዋናው በሩ ራሱ ነው። ውፈር በፊቱ አየር ሲገፋ በጀርባው ይስባል። የበሩ የውስጥ ላሜራ በትላልቅ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ከሆነ የጀርባው አየር ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኝና ቤዙን ይሰርዘዋል። የፋብሪካው ፕላስቲክ ሽፋን ውኃ ይከላከላል እንጂ ድምፅ አያግድም። ሰፋፊዎቹን ቀዳዳዎች በስስ የአልሙኒየም ላሜራ ይሸፍኑና በላዩ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቡታይል (የሚጣበቅ ጎማ) ንጣፍ ይለጥፉ፤ ትንንሾቹን ንጣፉ ብቻ ይበቃቸዋል። የውጪውን ላሜራ በስፒከሩ ጀርባ በኩል ሩብ ያህሉን መለጠፍ መንቀጥቀጡን ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ማልበስ በሩን ማክበድ ነው። ከመለጠፍ በፊት ላሜራውን በአልኮል ይጥረጉት፤ ቅባት ካለበት በፀሐይ ሙቀት ተልጦ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። በበሩ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ፈጽሞ አይድፈኑ፤ በሩ ይዝጋል።

በስፒከሩ ጠርዝና በላሜራው መካከልም ስፖንጅ ያድርጉ። በዚያ ያለ ስንጥቅ ትንሽ ቢመስልም እንደ ቀዳዳው ሁሉ ያፈስሳል። ይህን ያደረገ በር ላይ መካከለኛ ስፒከር፣ ባዶ በር ላይ ከተገጠመ ውድ ስፒከር የተሻለ ቤዝ ይሰጣል። ገንዘቡን ሲከፋፍሉ ለንጣፉ ድርሻ ይተዉለት።

ጥያቄ፦ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ትዊተር ተቃጠለብኝ። ስፒከሩ 80 ዋት አርኤምኤስ ነው፤ ቴፑ ከዚያ በጣም ያንሳል። እንዴት ትንሽ ኃይል ያቃጥለዋል?

መልስ፦ ትንሹ ኃይል ስለማይበቃዎት ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍቱታል። ቴፑ ከአቅሙ ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ሞገድ በዘፈኑ ውስጥ ያልነበረ ብዙ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል፣ እሱም በቀጥታ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። የትዊተር ሽቦ ፀጉር ያህል ስለሆነ ወዲያው ይግላል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ዝቅ ያድርጉ፤ ቤዝና ትሬብል ማስተካከያውንም ዜሮ ላይ ይተዉት። ቴፑ ማጣሪያ ካለው ለፊት ስፒከሮቹ 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ በታች ያለውን ከባድ ቤዝ ሲተው ቴፑ እፎይ ይላል።

ሌላው ምክንያት የገመድ ስሕተት ነው። ትዊተሩ ክሮስኦቨሩ ላይ ለውፈር በተሰጠው መውጫ ከገባ፣ ወይም ክሮስኦቨሩን ዘልሎ በቀጥታ ከተገናኘ አይቆይም። የሌላ ስፒከር ክሮስኦቨርም አይዋሱ፤ ድምፁን የሚከፍልበት ነጥብ ለራሱ ትዊተርና ውፈር የተሰላ ነው። የክሮስኦቨሩን ሣጥን ደግሞ ውኃ ከሚነካው በር ውስጥ አውጥተው ከዳሽቦርዱ ሥር ይግጠሙት።

ጥያቄ፦ ትዊተሩን የት ልትከለው?

መልስ፦ ሳይበሱ ይሞክሩ። በሁለት ጎን ተለጣፊ ፕላስተር መጀመሪያ ከጎን መስተዋቱ ጀርባ ያለው ሦስት ማዕዘን ላይ፣ ከዚያም የፊት መስታወቱ ምሰሶ ላይ እየለጠፉ ያዳምጡ፤ አቅጣጫውንም ወደ ተሳፋሪው፣ ወደ መስታወቱ፣ ወደ ጣሪያው እየቀያየሩ። ወደ ውፈሩ በቀረበ ቁጥር ድምፁ ከአንድ ቦታ የመጣ ይመስላል። ድምፁ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ክሮስኦቨሩ ላይ ያለውን ማብሪያ ከ0 ወደ −3 ዴሲቤል ያውርዱት። ምሰሶው ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ግን እዚያ ምንም አይትከሉ፤ ሲፈነዳ ትዊተሩን ወደ ፊትዎ ይወረውረዋል።

ጥያቄ፦ የኋላ በሮችንም ከፊቶቹ ጋር በአንድ ቻናል ማገናኘት እችላለሁ?

መልስ፦ ሁለት 4 ኦም በአንድ ቻናል ትይዩ ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ። ቴፕ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ይጠፋል፣ ከቆየም ይቃጠላል። አምፕሊፋየር ግን መመሪያው ላይ 2 ኦም ከተጻፈለት ይችላል። በቴስተር ሲለኩ 4 ኦም ስፒከር 3.2 ወይም 3.6 ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ቴስተሩ የሚለካው በስፒከሩ ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል ኦም ብቻ ነው።