አሥራ አራት ሆነን የት እንብላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ አንጋፋ መምህራችን ጡረታ ስለሚወጡ፣ እራት ልንጋብዛቸው አስበናል፤ ከእሳቸው ጋር 14 እንሆናለን። ለሁሉም መሃል ስለሆነ ፒያሳ ወይም አካባቢው ይሁን ብለናል። የተመቸን ቀን አርብ ማታ ነው። ችግሩ ግማሾቻችን ሙስሊም ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን፤ አርብ ደግሞ ጾም ነው። ቀኑ ይቀየር የሚሉ አሉ። አምና ለሌላ ባልደረባችን ስናዘጋጅ አንዱ በልቶ እጁን ሲታጠብ ሌላው ገና ያዘዘውን ይጠብቅ ነበር። ጋሼ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እባክዎ አንድ ጥሩ ቤት ይጠቁሙን። (ከቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቀኑን አትቀይሩት።

ቤት ጠቁሚ ላልሽኝ ግን ስም አልጠራም። ምግብ ቤት ማለት ወጥ ሠሪዋ ናት። እሷ ቅዳሜ ለቅቃ ሰኞ ሌላ ቤት ትገባለች፤ በር ላይ ያለው ስም ግን እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል። ይህ መጽሔት እጅሽ እስኪገባ ድረስ እንኳ ስንቷ ቤት ትቀይራለች። ስለዚህ ምን ማየት እንዳለብሽ ልንገርሽ። ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ መቀበያው ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወንበር አዳራሹም የኩሽናው በርም ይታያል።

መጀመሪያ አርብ። ለእናንተ ከአርብ የተሻለ ቀን የለም። ሐሙስ ብታደርጉት ጥብስ ይመጣል። ጥብስ ሲመጣ ደግሞ የማን እርድ ነው የሚለው ይከተላል። ደሴ ሰርግ የበላ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደጋሹ ለሌላው እምነት እንግዶቹ አራጁንም ድስቱንም ለይቶ ነው የሚያሰናዳው። ደጋሽ ይችለዋል፣ ጎረቤት አለው፣ ግቢ አለው። ሁለቱንም እርድ ለይቶ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ግን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ብታገኙም ሁለት ትሪ ነው። ታዲያ ጋሼ ከየትኛው ሊቀመጡ ነው?

አርብ ሲሆን ይህ ሁሉ የለም። በያይነቱ ይቀርባል፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሰኔ ላይ፣ ሁሉም ባይጾመውም፣ የሐዋርያት ጾምም ስላለ የጾም ድስት የሚጥድ ቤት አይጠፋም። ሥጋ ካልበላሁ እራት አይመስለኝም የሚል ሰው ካለ አንድ ምሽት ይቻለው።

በያይነቱ ስላለ ብቻ ግን አትቀመጡ። "ለጾም የተለየ ድስትና ጭልፋ አላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። "ድንቹንና ሳምቡሳውን በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?" በይም። ጠዋት ሥጋ የተጠበሰበትን ዘይት ማታ ለጾም የሚደግም ቤት አይቻለሁ። ለጾመኛዋም ለሙስሊሙም ጥያቄው ያው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂ። አስተናጋጁ "ኧረ ችግር የለም" ብሎ ካለፈሽ ኩሽና ያለችውን ጠይቂ። እሷ አትዋሽም፤ ብትዋሽም ፊቷ ላይ ታገኚዋለሽ።

አሁን ስለ አምናው። ምን እንደሆነ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ። 14 ሰው ተቀመጠ፣ ሜኑ ዞረ፣ እያንዳንዱ የልቡን አዘዘ። አስተናጋጁ 14 ቦኖ (የትእዛዝ ወረቀት) ይዞ በመስኮቷ አቀበለ። ውስጥ ያለችው ሴት አራት ምድጃ ካላት አራት ነገር ትጥዳለች። አምስተኛው ቦኖ ሚስማሩ ላይ ተሰክቶ ይጠብቃል። ከእናንተ ቀድሞ የገባ ስድስት ሰው ካለ ደግሞ የእናንተ የመጀመሪያው ቦኖ ራሱ ገና ነው። ፍርፍር ያዘዘው ቶሎ ይደርስለታል። ዓሳ ያዘዘው ግን እንጀራ እየቆረሰ ሰው ያያል። በዚህ መሃል አስተናጋጁ ይሰደባል፤ እሱ ምን ያድርግ?

ለብዙ ሰው የሚሆን ቤት ማለት ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ነው። ለሁለት ሰው ጣት የሚያስቆረጥም ቤት ለ14 ሰው ሊያዋርድ ይችላል። ይህን በስልክ አታውቂውም። ከቀኑ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ፣ አርብ ማታ፣ በዚያው ሰዓት ከአንድ ጓደኛሽ ጋር ሄደሽ ሻይ ጠጡ። አምስት ስድስት ሆነው የገቡ ሰዎችን ፈልጊና ተመልከቺ። ምግባቸው አብሮ ወጣ ወይስ እየተንጠባጠበ? አስተናጋጁ ትሪውን አስቀምጦ ይሄዳል ወይስ እንጀራ ሊያልቅባቸው ሲል ይመለሳል? ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም።

ቤቱን ከወደድሽው ምግቡን እዚያው ጨርሺ። ሦስት ትሪ በያይነቱ፦ ሁለቱ ለአምስት ለአምስት፣ አንዱ ለአራት። በየትሪው አንድ ተጋቢኖ ሽሮ በሸክላ፣ እየተንተከተከ ይምጣ፤ በደሴ ብርድ ሰሃን ላይ የተገለበጠ ሽሮ እስኪጎረስ ይረጋል። ዓሳ የሚፈልግ ካለ ለብቻው በሰሃን ይምጣለት። ዓሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳታስነሱት። አንዴ ከተጀመረ የጋሼ ስንብት ጉባኤ ይሆናል።

እንጀራውንም አስይዙ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እንጀራ አልቆ ልጅ ወደ ሱቅ ሲሮጥ ስንቴ አይቻለሁ! የሚያመጣው እንጀራ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም፤ ትሪው ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ይሆናል።

ሰዓቱን ምሽት 1 ሰዓት አድርጉት። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ መግሪብ የሚሰግዱት ሰግደው ይደርሳሉ። 12 ሰዓት ብላችሁ ከጠራችሁ ግማሹ ሰው መሃል ላይ ተነስቶ ይሄዳል፣ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ከ1 ሰዓት አታሳልፉት ደግሞ፤ ሲመሽ ትራንስፖርት ይጠፋል፣ ሰዉም ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ይተክላል።

በረንዳና ድንኳን ይቅርባችሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ጡረታ የሚወጣ ሰው አያይም። ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ራቅ ያለ፣ ጋሼን ግድግዳውን አስደግፎ የሚያስቀምጥ ቦታ ይሁን። ምድር ቤት መሆኑን አረጋግጪ። ከተማችን ዳገት ላይ ስለተሠራች አንዳንዱ "ምድር ቤት ነው" የሚሉሽ ከመንገድ አሥር ደረጃ ይወርዳል። ሄደሽ ደረጃውን በእግርሽ ሞክሪው። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውንም።

ሌላው ነገር ቧንቧው ነው። 14 ሰው አንድ ቧንቧ ላይ ሲሰለፍ የመጀመሪያው በልቶ ይጨርሳል። ውሃ ሲጠፋ የሚሠራ ሮቶ አላቸው? ከሌላቸው በማስታጠቢያ ያስታጥቁ፤ እንዲያውም ለሽማግሌ እሱ ያምራል። መብራት ቢሄድ ጀነሬተሩ ኩሽናውን ያበራል ወይስ ቴሌቪዥኑን ብቻ?   ቴሌቪዥኑንና ሙዚቃውን ለንግግሩ ዝቅ እንዲያደርጉላችሁ ከአሁኑ ተናገሩ።

አንዳንዴ ይገርመኛል። ንጉሥ ሚካኤል ያን ሁሉ ሰው ግብር ያበሉበት የአይጠየፍ አዳራሽ ያለበት ከተማ ውስጥ፣ ለ14 ሰው ጠረጴዛ እንለምናለን።

በመጨረሻ ቀብድ ክፈሉ። በቃል የተያዘ ቦታ በምርቃት ሰሞን ቦታ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥበታል። የሰዉን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የምግቡን ዓይነትና ዋጋውን በወረቀት አስፍረሽ ከባለቤቱ ወይም ከፈረቃ ኃላፊው ጋር ተፈራረሙ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነም ጠይቂ። አንዳንዱ ቤት የአገልግሎት 10 በመቶም ያክላል። ለ14 ሰው ሲደመር ሌላ ትሪ የሚገዛ ብር ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምንሠራ ስምንት ጓደኛሞች ነን። እሁድ እሁድ ተሰብስበን ዓሳ መብላት እንወዳለን። ደሴ እንውጣ ወይስ ሐይቅ ድረስ እንሂድ? አንዱ ጓደኛችን ለምን እዚሁ አንበላም እያለ ያስቸግረናል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ያ ጓደኛችሁ ብልጥ ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

ለእራት ከሆነ ከኮምቦልቻ አትውጡ። እናንተ ጋ ምሽቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ውጭ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል። እኛ ጋ በዚያው ሰዓት ጋቢ እንፈልጋለን። ቢራ ከሆነ ነገሩ፣ ፋብሪካው እናንተው ከተማ ውስጥ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ዳገት ወጥቶ ደሴ ላይ የኮምቦልቻ ቢራ መጠጣት ምን ይሉታል? ሲመለስ ደግሞ ያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ ቁልቁል ነው፣ በክረምት ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል። የሚነዳው ልጅ አይጠጣ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ለምሳ ከሆነና የፈለጋችሁት ዓሳ ከሆነ ደሴን አልፋችሁ ሐይቅ ግቡ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጊዜ ውጡ እንጂ፤ እሁድ ከቅዳሴ የሚወጣውም ከደሴ የሚመጣውም ሰው እዚያው ይገናኛል። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ብትደርሱ "ትልልቁ አልቋል" ነው መልሱ።

ዓሳውን ሳይጠበስ አሳዩን በሉ። አይከፋቸውም። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን፤ የደፈረሰና ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ የትናንት ነው። ስንጥቡን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ቀይ መሆን አለበት። በጣት ስትጫኑት ሥጋው ተመልሶ ይነሳ። ቆሮሶ ከሆነ ሙሉውን አስጠብሱት፣ ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ድረስ እንዲበስል። ከጥብሱ በፊት ለብለብ ወይም ጉላሽ አስመጡ፤ ጥብስ ጊዜ ይወስዳል፣ ስምንት የራበው ሰው ደግሞ ትዕግሥት የለውም። በአምስት ዓይነት አታስጨንቋቸው።

ከእሁድ ሌላ ቀን ደሴ ለምሳ መምጣት የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ሰኞን ዝለሉ። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ እንኳን ለስምንት ሰው ለአንድም ሰው መቀመጫ የለም።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም "በእናቴ እኔ ልክፈል" ብሎ ይጋፋል። በኋላ ግን ሁሌ የሚከፍለው አንዱ ነው። ምን ይሻላል? (ከደሴ፣ መናፈሻ)

መልስ፦ ይህንን ከወንበሬ ሆኜ ብዙ አይቼዋለሁ። አንዱ ብሩን አውጥቶ እጄ ላይ ሊያስቀምጥ ይታገላል። ሌላው "እንዳትቀበዪው!" ይላል፤ የራሱ እጅ ግን ኪሱ ውስጥ ነው፣ አይወጣም። ሦስተኛው በዚያው ሰዓት እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ማን ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከመገናኘታችሁ በፊት በቴሌብር አንድ ሰው ጋ አዋጡ። ያ ሰው ቀድሞ ደርሶ ለካሸሯ "ሒሳቡ ከእኔ ነው፣ ከሌላ ሰው አትቀበዪ" ይበላት። ከዚያ በኋላ መጋፋት የፈለገ ይጋፋ፣ ወግ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። የአስተናጋጁን ቲፕ እዚያው መዋጮ ውስጥ አካትቱት፤ ለየብቻ ከተተወ ሁሉም ሌላው ሰጥቷል ብሎ ይወጣል። ደረሰኙን ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ልቀቁት። ዘግይቶ መጥቶ "እኔ እኮ ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት" የሚለው ሰው ያኔ የሚለው ያጣል።