በሰባት ሰዓት የታየ ማሽላ

የእህቴ ልጅ ባቢሌ አካባቢ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ቅጠሉ ጥቅልል ብሎ የቆመ ማሽላ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ አለቀለት አይደል? ይጨዱት ልበላቸው?» ይላል።

የአገዳው ጥላ እግሩ ሥር ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ያነሳው መሆን አለበት። ስልኩን አስቀምጬ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም አልኩ። ለእሱ ብቻ ልመልስለት ነበር። ግን እናንተም፣ ገና ተመርቃችሁ ገጠር የገባችሁ ልጆች፣ አንድ ቀን ይህን መጠየቃችሁ አይቀርም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሥራዬ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ መንደሮች። በላንድሮቨር የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ስንወጣ መስኮቱን ከፍተን ቀዝቃዛውን አየር እንስብ ነበር። ሐሮማያ ሐይቅ ስንደርስ ሾፌራችን ፊቱን ሳይታጠብ አያልፍም። ያ ሐይቅ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ ለሐረር መጠጥ ሲሳብ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሲሳብ ደረቀ። ዛሬ ውሃ መልሶ ይዟል። እኔ ግን ባዶውን ሜዳ ካየሁ ወዲህ በዚያ ሳልፍ ወደዚያ አልዞርም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ የደረስነው በእኩለ ቀን ነው። ማሽላው ከጉልበት አልፏል፣ ገና አላዘረዘረም። ከሩቅ ሲታይ አመድ ይመስላል። ከመኪና ወርጄ አንድ ቅጠል ጨበጥኩ። ይሞቃል። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ ኮፍያም አድርጌያለሁ። «ኦቦ፣ ይሄ ከእንግዲህ እህል አይሆንም። አጭደው ለሰንጋዎቹ ይስጡት» አልኳቸው።

ከድንበሩ ወዲያ ጎረቤታቸው ቆማ ትሰማለች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሾፌሩ እየሳቀ ተረጎመልኝ። «ሌሊት ምን እንደሚመስል አይተኸዋል ወይ ነው የምትልህ።» እኔም ሳቅኩ። ሌሊት ማሳ የሚያይ ባለሙያ የት አለ?

አዛውንቱ አመኑኝ። በሁለት ቀን አጨዱት። እሷ አላጨደችም።

ዝናቡ በ11ኛው ቀን መጣ።

ያ ቅጠል ለምን እንደሞቀ ፈተና ላይ ብጠየቅ 10 ከ10 አገኝ ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማሽላ ላይ ከላይም ከታችም። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ህዋሳት፣ ማለትም ሴሎች፣ ይጠብቁታል። ውሃ ሞልቷቸው ሲወጠሩ ይከፈታል፣ ሲሟሽሹ ይዘጋል። ሥር ከሚስበው ውሃ ከ100 እጅ ከ90 በላይ የሚሆነው ተንኖ የሚወጣው በአብዛኛው በዚያ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ሲደርሳቸው ህዋሳቱ ፖታሲየማቸውን ይለቃሉ፣ ውሃውም ተከትሎ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይጠባል። ትነቱ ሲቀንስ ቅጠሉን የሚያቀዘቅዘው ነገር ያንሳል፤ ይሞቃል። ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው በር ስለሚገባ እድገቱ ይገታል። ማሽላ ደግሞ በዚህ ላይ ቅጠሉን ጠቅልሎ ፀሐይ የሚመታውን ገጽ ያሳንሳል። ጾም ላይ ነው እንጂ አልሞተም።

እስቲ በሰባት ሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውጡ። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። ድሬን የማያውቅ እንግዳ ሰዉ ከተማውን ጥሎ የሄደ ይመስለዋል። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ ይምጣ! እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት። ሱቅ በቀትር ሲዘጋ እያየሁ አድጌ የተዘጋ ቅጠል ሳይ ሞቷል አልኩ።

በኋላ ስመለስ የሴትዮዋ ማሽላ አዘርዝሯል። አዛውንቱ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ አፍልተው አስቀመጡኝ። ያጨዱትን ወዲያው ለሰንጋ እንዳልሰጡ፣ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስጥተው እንዳደረቁት ነገሩኝ። «እርጥቡን ከበላ ይሞታል፣ አታውቅም?» የሐረርጌ ሰው አንቱታ አያበዛም። እውነታቸውን ነው፤ ድርቅ የመታው ለጋ ማሽላ ከብት ሆድ ሲገባ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚሆን ነገር ይይዛል። ያንን እንኳ ሳልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መኪና እየጠበቀኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። ሌላ ጊዜ ስሄድ አርፈዋል።

የእናንተ ትውልድ ችግሩ ፎቶ ነው። ማሳ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ፣ ቀጭ አድርጋችሁ፣ መልሱን ከስልክ ትጠብቃላችሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም ልል ነበር። አፌን ልያዝ፤ እኔ ያለ ፎቶ ነው የተሳሳትኩት።

ጎህ ሲቀድ ሂዱ። ሌሊት ቅጠሉ ተፈትቶ ጠዋት ተዘርግቶ ካገኛችሁት ተክሉ አለ። ጠዋትም እንደተጠቀለለ ካደረ ያኔ ስጉ። አትቸኩሉ። በቆሎ ላይ ግን ቸኩሉ! ጸጉር ሲያወጣ ውሃ ካጣ በወጉ ፍሬ አይዝም፤ የመስኖ ውሃ ካለ ጠዋት እስኪሆን ምን ያስጠብቃል?

ለእህቴ ልጅ «ነገ በ12 ሰዓት ተነስተህ ያንኑ ማሳ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ብዬ መለስኩለት። አዎ፣ ፎቶ። እስካሁን አልላከም። በጠዋት መነሳት አይሆንለትም፤ እናቱም እንደዚያው ነበረች።