ማዋለድን በካርድ ስትለማመዱ

ልጆቼ፣ ስኪል ላብ (በሞዴል የምትለማመዱበት ክፍል) ሁልጊዜ ክፍት አይሆንም፤ ሲከፈትም ሞዴሉ ለሁላችሁ አይደርስም። በካርድ መለማመድ ግን ዶርም ውስጥም ይቻላል። አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። ጥቂት ካርቶን፣ ስልካችሁና ባዶ ፓርቶግራፍ (የምጡ ሂደት በየጊዜው የሚመዘገብበት ቻርት) ኮፒዎች ይበቋችኋል።

በፓርቶግራፉ ጀምሩ። አንዳችሁ የእናቲቱን ታሪክ ያዙ፣ ሌሎቹ ይመዝግቡ። አንድ ካርድ የምጡ ግማሽ ሰዓት ነው። ዋናው ሕግ፦ ያልተጠየቀ አይነገርም። የፅንሱን የልብ ምትና ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ ያልጠየቀ ተጫዋች ቦታው ባዶ ይቀርበታል። እርሳስ አይፈቀድ፤ በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፍ። ብዙ ተማሪ ሴትዮዋ ከወለደች በኋላ ቻርቱን ወደ ኋላ ይሞላል፤ ይህ ልማድ የሚሰበረው እዚህ ነው።

ስምንተኛው ካርድ ላይ የማህፀን በር ይመርመር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የማህፀን በሯ 4 ሴንቲ ሜትር የተከፈተ እናት 6 ሰዓት ላይ ገና 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነች አለርት ላይኑን (ምጡ መዘግየቱን የሚያስጠነቅቀውን የቻርቱን መስመር) አልፋለች። ጤና ጣቢያ ከሆናችሁ ሪፈርን (ወደ ሆስፒታል መላክን) አስቡ። ፊኛዋ ሞልቶ እንደሆነ፣ ምጡ ደክሞ እንደሆነ፣ ጭንቅላቱ መውረዱን ጠይቁ። (በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ ቅጽ አክቲቭ (የተፋፋመ) ምጥን ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፣ አለርት ላይንም የለውም። የምትለማመዱበት ሆስፒታል የቱን እንደሚጠቀም ሳታጣሩ ካርድ አትሥሩ።)

ቀጥሎ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ፤ መከላከሉ ሕፃኑ እንደተወለደ ይጀምራል። ሌላ ፅንስ አለመኖሩ ይረጋገጥ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት) በጡንቻ ይሰጥ፣ እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታሰር፣ ማህፀኑ ሲኮማተር በአንድ እጅ ደግፋችሁ እትብቱን በዝግታ ሳቡ። ሳይኮማተር የሳበ እትብቱን ሊበጥስ ወይም ማህፀኑን ሊገለብጥ ይችላል፤ ያ ተጫዋች ከጨዋታው ይውጣ። ይህን ቅደም ተከተል ማንም በቃሉ ይዞታል። የሚፈትናችሁ ወጥመዱ ነው፦ «ማህፀኗ ጠንክሯል፣ ደሙ ግን አልቆመም» የሚል ካርድ ጨምሩ። ኦክሲቶሲን ደጋግሞ የሚያዝ አለ፤ መፈለግ የነበረበት ግን የማህፀን በር ወይም የብልት መቀደድ ነው። የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭና የደም አለመርጋትም ካርድ ይኑራቸው።

ለፍጥነት ነጥብ አትስጡ፤ ቸኩሎ ማሰብን ያስለምዳል። ፍጥነት የሚቆጠረው የማይተነፍስ ሕፃን ላይ ብቻ ነው፤ በ1 ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማናፈስ መጀመር አለበት። ማናፈሱ በደቂቃ 40 ጊዜ ገደማ ነው፤ ነጥብ የሚያሰጠው ግን ደረቱ መነሳቱ ነው። ካልተነሳ ማስኩን አስተካክሉ፣ የጭንቅላቱን አቀማመጥ እዩ፣ አፉን አጽዱ።

የእጅ ስሜት ከካርድ አይገኝም፤ እሱን ከሞዴሉና ከአስተማሪያችሁ ጋር በማዋለጃ ክፍል ታገኙታላችሁ። አፋችሁን ግን እዚሁ አሠልጥኑት፦ ከእያንዳንዱ ምርመራ በፊት «እናቴ፣ አሁን እመረምርሻለሁ፣ ይሁን?» ብሎ ጮክ ብሎ ያልተናገረ ተጫዋች ተራውን ይጣ። ክርክር ከተነሳ ፕሮቶኮሉን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ካርዱ ከተሳሳተ ቀድዳችሁ ሌላ ጻፉ።