ጌሙ የማን ነው? ከድሬዳዋ ጌም ሠሪዎች ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

በድሬዳዋ ጌም የሚሠሩና ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ስለ ፈጠራ ነፃነትና ስለ ኩባንያ ቁጥጥር የላኩልኝን ጥያቄዎች እዚህ መልሻለሁ። ነዋሪነቴ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ሲሆን ለውጭ ስቱዲዮዎች በርቀት ኮድ በመጻፍ እተዳደራለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ድሬ ነንና አንቱታውን ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ኩባንያዎች ፈጠራን ይገድላሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሚገድሉ አሉ፤ ያለ እነሱ ገንዘብ ፈጽሞ የማይወለዱ ጌሞችም አሉ። ጠቡ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ጌም ኩባንያ የሠሪዎቹን ስም ምርቱ ላይ አያወጣም ነበር። ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» በተባለው ጌሙ ውስጥ ድብቅ ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ጻፈ፤ ለአለቆቹም ትንፍሽ አላለም። በ1979 አራት የአታሪ ፕሮግራመሮች ወጥተው አክቲቪዥንን ሲያቋቁሙ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው የስም ጉዳይ ነበር። ታዲያ ያ ከኩርፊያ የተወለደ ቤት ራሱ ግዙፍ ሆኖ፣ አክቲቪዥን ብሊዛርድ በሚል ስም በ2023 በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ለማይክሮሶፍት ተሸጠ። ስለዚህ «ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስኬድም። እኔ የምጠይቀው መብቱ በማን እጅ እንዳለና የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ማን እንደሚከፍል ነው።

ጥያቄ፦ ሂዲዮ ኮጂማ «ሜታል ጊር»ን ከ1987 ጀምሮ ሠርቶ በ2015 ከአሠሪ ኩባንያው ከኮናሚ ሲለያይ ጌሙን ለምን ይዞት አልሄደም?

መልስ፦ የእሱ ስላልነበረ። ሐሳቡ የእሱ፣ ንብረቱ የኮናሚ ነው። አዲስ ስቱዲዮ ከፍቶ «ዴዝ ስትራንዲንግ»ን በ2019 አወጣ፤ የድሮዎቹን ገጸ ባሕርያት ግን ሊነካቸው አይችልም።

የበለጠ የሚያስተምረው በንጂ የተባለው ስቱዲዮ ታሪክ ነው። ማይክሮሶፍት በ2000 ገዛው፤ «ሄሎ» የተባለውን ጌም ሠራ፤ በ2007 ነፃ ሲወጣ «ሄሎ» እዚያው ቀረ። ቀጥሎ ከአክቲቪዥን ጋር ሲዋዋል ግን ነቅቶ ስለነበር የአዲሱን ጌሙን የ«ዴስቲኒ»ን ባለቤትነት ለራሱ አስቀረ። በ2019 ሲለያዩ ጌሙን ይዞ ወጣ። ልዩነቱን ያመጣው አንድ የውል አንቀጽ ነው፤ በችሎታ ረገድ ያው ቤት ነበር። ከዚያ በ2022 ራሱን ለሶኒ በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ! አልፈርድበትም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ የሚያስተዳድር ቤት የወር መጨረሻ ያስፈራዋል።

ጥያቄ፦ የሐረር ጀጎልን በሮችና ግንቦች ለአንድ የውጭ ስቱዲዮ ጌም እሥላለሁ። ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው?

መልስ፦ ተቀጥረሽ ከሆነ ምናልባት አይደሉም። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት፣ በሥራ ውል የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ (ሸጦ የመጠቀም መብቱ)፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀጣሪው ነው። በሠሪነት ስምሽ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ግን የሞራል መብት ነውና የአንቺ ነው። ይሁንና ከውጭ በሚመጣ ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ውል የሚዳኘው በእገሌ አገር ሕግ ነው» የሚል መስመር ይኖራል። ከክፍያው መጠን በፊት እሱን ፈልጊ። ሥዕሎችሽን ለሌላ ቀጣሪ በናሙናነት ማሳየት መቻልሽም በጽሑፍ ይስፈር። ጀጎል የሁላችን ነው፤ ነገ ለራስሽ ጌም ደግመሽ ብትሥይው ማንም አይከለክልሽም፤ የሸጥሽውን ፋይል መልሰሽ መጠቀም ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ልጆቹ ከፊፋ ሌላ አይጠይቁም። የእናንተን ጌም ማን ይጫወተዋል?

መልስ፦ ልብ በል፤ አሁን የሚጫወቱት ጌም ስሙ ፊፋ አይደለም። ጌሙ የኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ ስሙ የዓለም እግር ኳስ ማኅበሩ ነበር፤ በ2022 መለያየታቸው ይፋ ሆነና ከ2023 ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተባለ። ያን የሚያህል ኩባንያም የሌላ ሰው ስም ተከራይቶ ይኖር ነበር ማለት ነው። ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ቤትህ ውስጥ ከኳስ ጋር አንወዳደርም። መንገዳችን ስልክ ነው፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን የሠራው ለስልክ ነበር።

ጥያቄ፦ አሳታሚ (ጌሙን ገንዘብ አውጥቶ ለገበያ የሚያቀርብ ኩባንያ) ገንዘብ ቢሰጠን ምን እናጣለን?

መልስ፦ በምሳሌ ላስላው። 20,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ ወሰዳችሁ፤ እሱ ከሽያጩ ተመልሶ የሚቀረውን እኩል ልትካፈሉ ተስማማችሁ። ጌሙ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ 60,000 ዶላር ሸጠ እንበል። ስቲም 30 በመቶውን ወስዶ 42,000 ይቀራል። አሳታሚው መጀመሪያ የሰጣችሁን 20,000 መልሶ ይወስዳል፤ ከቀረው 22,000 ውስጥ የእናንተ ድርሻ 11,000 ነው፤ ከቅድመ ክፍያው ጋር 31,000። ለሦስት ሰው የሁለት ዓመት ልፋት!

ቁጥጥሩ ግን ከዚህ ስሌት ቀድሞ ይጀምራል። ቅድመ ክፍያው በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ እያንዳንዱ ደረጃ ተሠርቶ፣ አሳታሚው አይቶ ሲያጸድቅ ይለቀቃል። ኪራይ ደርሶባችሁ ሳለ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢቀየርስ?» ቢላችሁ ትቀይራላችሁ። ማንም አላስገደዳችሁም፤ ቤት አከራያችሁ እንጂ። እኔ ብሆን የማጽደቂያው ጊዜ እንዲገደብ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ጊዜ መልስ ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠር።

ጥያቄ፦ ጥሩ ጌም ከሠራን ኩባንያው አይነካንም አይደል?

መልስ፦ የማይክሮሶፍት ስቱዲዮ የነበረው ታንጎ ጌምወርክስ በ2023 ያወጣው «ሃይፋይ ረሽ» የተባለ ጌም ተሞገሰ፤ ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በነሐሴ የኮሪያው ክራፍቶን ተረከበው። ምስጋና ዋስትና አይደለም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ብሠራስ?

መልስ፦ ኤሪክ ባሮን «ስታርዱ ቫሊ»ን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶ በ2016 አወጣ፤ ሚሊዮኖች ገዙት። አራት ዓመት የሚያበላህ ሰው ካለህ ሞክረው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ሶፍትዌር እንሥራ?

መልስ፦ ዩኒቲ የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ኩባንያ በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ሠሪዎችን አስደነገጠ፤ ከዓመት በኋላ ሰረዘው። ሌላው መሥሪያ ጎዶት ክፍት ኮድ ነው፤ ማንም በነፃ ይጠቀምበታል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይልክባችሁም። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የወጣን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ኩባንያ የለንም። የውል ነገር ይመለከተናል?

መልስ፦ ከማንም በላይ። አንደኛችሁ ኮድ፣ አንደኛችሁ ሥዕል፣ አንደኛችሁ ሙዚቃ ይዛችኋል፤ አንዱ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ የእሱ ክፍል ምን ይሆናል? ሌሎቹ ሊጠቀሙበት ይችላሉ? ሽያጭ ቢመጣ ድርሻው ስንት ነው? የጌሙን ስም ማን ያስመዘግባል? አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሦስታችሁም ፈርሙና ቅጂ ያዙ። አሁን ገና ምንም ገቢ የለም፤ ለመስማማት ከዚህ የሚቀል ጊዜ አታገኙም። ከተቸገራችሁ ረቂቁን ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠበቃ ይየው።