መልስ፦ ምደባ ሲመጣ እንቢ ብል ያስቀይማል?
ወንድሜ፣ ሥራ እያለህ የእግር ኳስ ዳኝነት ምደባ እንቢ ብትል ዳኞችን የሚመድበውን ሰው ያስቀይም እንደሆነ ጠይቀሃል። አያስቀይምም። የሚያስቀይመው እሺ ብሎ መቅረት ነው። እኔ ሐዋሳ ስጀምር ለሁሉም እሺ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የታዳጊዎች ጨዋታ፣ ከሰዓት ሻሸመኔ የወዳጅነት ጨዋታ ያዝኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ግን ማን ያውቃል? ስደርስ ተጫዋቾቹ አሟሙቀው ጨርሰው ፊሽካ ይጠብቃሉ። አፈርኩ!

አሁን የማልችልባቸውን ቀኖች ወሩ ሳይገባ ለመዳቢው በቴሌግራም እልካለሁ። ምደባ ሲደርስህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሜዳውን መልሰህ ጻፍለት። ስልክህ ላይ ስትመዘግብ ተጠንቀቅ፤ የኛ 9 ሰዓት እዚያ 15፡00 ነው። ከታመምክ ሌሊትም ቢሆን ደውል። በአንድ ቀን ሁለቴ የመሐል ዳኛ አትሁን፤ እግር እሺ አይልም።