የአክስቴን ገዳይ እናውቀዋለን፤ መዝገቡን እንዴት እናስከፍት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አክስቴና ባለቤቷ በ2012 ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለው ቤታቸው ሌሊት ተገድለው ተገኙ። ልጅ የላቸውም። ፖሊስ ሁለት ሰው ይዞ ለቀቀ፤ እስከ ዛሬ የተከሰሰ የለም። እኛ ግን ገዳዩ የባለቤቷ ታናሽ ወንድም መሆኑን ደርሰንበታል። አክስቴ የመጨረሻው ቀን ማታ የጻፈችውን መልእክት አንብቤዋለሁ፤ ፈርታው ነበር። ጎረቤት ያሉ እናትም ያን ሌሊት ሰው ከግቢው ሲወጣ አይተዋል። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አልለዩትም ነበር፤ ሄጄ ሳስታውሳቸው ግን አስታወሱ። ድምፃቸውን ቀድቼ በቴሌግራም ለቤተሰብ ልኬዋለሁ። ሰውዬው አምና እዚያው ቤት ገብቶ መኖር ጀምሯል። ወንድሞቼ ትዕግሥታቸው አልቋል። ጊዜው አልፎ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ጊዜው አላለፈም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድ የሰው ግድያ (አንቀጽ 539) ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል፤ ይርጋውም (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) 25 ዓመት ነው። ተራ ግድያ (አንቀጽ 540) ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ይርጋው 20 ዓመት ነው። ፖሊስ ሰው ይዞ መልቀቁም መዝገቡ ለዘላለም ተዘጋ ማለት አይደለም። ለአካባቢው ፍትሕ መምሪያ በጽሑፍ አመልክታችሁ መዝገቡ የት እንደደረሰ ጠይቁ። አዲስ ፍንጭ ካለ ዐቃቤ ሕግ ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ ይችላል። በ2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ብዙ መሥሪያ ቤት ስለተዘረፈ፣ መጀመሪያ መጣራት ያለበት መዝገቡ መኖሩ ነው። ባይኖርም ተስፋ አትቁረጡ። የአስከሬን ምርመራ ወረቀት፣ ያኔ ለፖሊስ ያመለከታችሁበት ደብዳቤ፣ የምርመራ መዝገብ ቁጥር የተጻፈበት ማንኛውም ብጣሽ ወረቀት እጃችሁ ላይ ካለ ሰብስቡ።

ሕጉ ይኸው ነው። አሁን ወዳልነገርከኝ ነገር ልምጣ።

የአክስትህን መልእክት «አንብቤዋለሁ» ብለሃል። የት አነበብከው? ስልኳ ያለው አንተ ዘንድ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ይህን ያህል ዓመት ለምን ያዝከው? ብትጠየቅ ምን ትላለህ? ክፋት እንደሌለህ አምናለሁ፤ መርማሪ ግን ይህንን ጥያቄ ሳይጠይቅህ አያልፍም። ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን አትክፈተው፣ ሲሙን አታውጣ፣ «ፓተርኑን ፍታልኝ» ብለህ ለስልክ ጠጋኝ አትስጥ። ከጠበቃ ጋር ሆነህ ለፖሊስ አስረክብ። ስታስረክብም የስልኩ ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩና ቀኑ የተጻፈበት፣ ተረካቢው የፈረመበት ወረቀት ተቀበል። የዚያን ሌሊት የጥሪ ዝርዝር ከኢትዮ ቴሌኮም በሕጋዊ መንገድ ማስመጣት የመርማሪ እንጂ የአንተ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን «ሳስታውሳቸው አስታወሱ» ያልከው ነው።

ሰው የሞተበት ቤተሰብ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኼ ነው። ፖሊስ ዝም ሲል ቤተሰብ ራሱ መርማሪ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ይጠያየቃል፣ ዕድር ላይ ይወራል፣ በርጫ ላይ ይተነተናል። አንዱ «ያን ሰሞን ፊቱ ጥሩ አልነበረም» ይላል፣ ሌላው «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል። ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ሰው ያየ ይመስለዋል። ማን በዓይኑ አየ፣ ማን ሰማ፣ መለየት አይቻልም።

እኚህ እናት ምናልባት ያላችሁ ብቸኛ የዓይን ምስክር ናቸው። ችሎት ቀርበው ተከላካይ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያቀርብላቸው አስበው።

«እማማ፣ በ2012 ለፖሊስ ቃል ሲሰጡ ሰውየውን አልለየሁትም አላሉም?»
«ብያለሁ።»
«ዛሬ እንዴት ለዩት?»
«የሟች የእህት ልጅ መጥቶ አስታወሰኝ።»
«ስሙን መጀመሪያ የጠራው ማን ነው? እርስዎ ወይስ እሱ?»

ከዚህ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይበል? እናትየው እውነቱን ቢናገሩ እንኳ ቃላቸው የአንተ ቃል ሆኗል። ድምፁን ቀድተህ በማሰራጨትህ ደግሞ ለተከላካዩ ማስረጃ ሰጥተኸዋል፤ ስሙን አንተ ስትጠራ በቅጂው ላይ ይሰማል። የቀሩት የቤተሰብ ምስክሮችም «ከቴሌግራም ሰምተው ነው» ይባላሉ። ቤቱ ላይ ክርክር እንዳላችሁ ሲታወቅ ደግሞ «ለንብረት ብለው ነው ስሙን ያነሱት» ይባላል።

ፍርድ ቤት የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ ካላመነበት፣ ተከሳሹን «ተከላከል» ሳይል በነጻ ያሰናብተዋል። ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነ በኋላ በዚያው ወንጀል እንደገና ሊከሰስ አይችልም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ይከለክላል። ከዓመታት በኋላ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ብታገኙ እንኳ በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ በተበላሸ ማስረጃ ቶሎ ከማስከሰስ፣ ዘግይቶ በንጹሕ ማስረጃ መሄድ ይሻላል። ይህን ለብዙ ደንበኛ ተናግሬያለሁ፤ ሐዘን ያለበት ሰው ለመስማት ይቸግረዋል፤ አልፈርድበትም።

ደግሞም ሰውዬው አላደረገው ይሆናል። ሰው ባይገድልም የባሏን ወንድም የምትፈራ ሴት በየቤቱ አለች። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በሕግ ንጹሕ ነው፤ አንተ ግን ገዳይ ብለኸዋል። ድምፁ ከቤተሰብ ከወጣ በስም ማጥፋት ሊከስህ ይችላል። በ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ይህ እስከ 3 ዓመት እስራት ያደርሳል። ቅጂውን ግን አታጥፋው፤ ማጥፋትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዋናውን እንዳለ አስቀምጥ፣ ዘመዶችህም ከእንግዲህ እንዳያዘዋውሩት ለምናቸው። እናትየው ቤትም አትሂድ። ሰላምታ ብቻ።

ቤቱን በተመለከተ አጭሩ ይኼ ነው። ሟችን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው ሟችን አይወርስም። የተጠረጠረ ግን ይወርሳል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከነበረ፣ አክስትህም ስትሞት ወላጆቿ በሕይወት ካልነበሩ፣ ኑዛዜም ከሌለ፣ የአክስትህ ድርሻ ወደ እህት ወንድሞቿ ይሄዳል፤ እናትህ በሕይወት ካሉ አንዷ ወራሽ ናቸው። የወራሽነት ማስረጃ አውጥታችኋል? ሰውዬው አምና ቤቱን ይዟል፤ የወራሽነት ጥያቄ ደግሞ የ3 ዓመት ይርጋ አለው። ገዳይ ስታሳድዱ ይህ እንዳያመልጣችሁ። የግድያው ጉዳይ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ካርታውን፣ የጋብቻ ማስረጃውንና የሞት ምዝገባውን ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ቅረቡ። የጠበቃ ክፍያ ከቸገራችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

የመጨረሻው፣ «ወንድሞቼ ትዕግሥታቸው አልቋል» ብለህ ያለፍከው ነገር ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍህ አሳዝኖኛል። ዛሬውኑ የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች፣ አበጋሮችን (የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎችን) ጭምር፣ ወንድሞችህ ዘንድ ላክ። ማን ገደለ ብለው እንዲፈርዱ አይደለም፤ ልጆቹን እንዲይዙልህ ነው። ዕርቅ የግድያውን ክስ አያስቀርም፤ ስለዚህ ሽምግልና ገባን ማለት መብታችሁን ተዋችሁ ማለት አይደለም። ከወንድሞችህ አንዱ እጁን ቢያነሳ ግን ያለ ማስተባበያ የሚፈረድበት እሱ ነው፣ እናትህም እህታቸው ሳትበቃ ልጃቸውን ለወህኒ ይሰጣሉ። ስልኩን ይዘህ ጠበቃ ዘንድ ከመሄድህ በፊት ይህን አድርግ።