ካፖዌራ በጣና ዳር፦ ክቡ አይፍረስ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ፣ በሰፈራችን የተቋቋመውን የካፖዌራ ቡድን አስተባብራለሁ። በቅርቡ ይህን ትግልና ጭፈራ የተዋሐዱበትን የብራዚል ጥበብ የሚያሳይ ትርኢት በአዳራሽ ለማቅረብ ተዘጋጅተናል። የመድረኩ ኃላፊ ግን «ልጆቹ ክብ ሠርተው ከቆሙ ተመልካቹ የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው፤ በሰልፍ ይቁሙ» ይሉናል። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ድብድብ ታስተምራላችሁ ብለው ተቆጥተዋል። ቤሪምባው የሚባለው ባለ አንድ አውታር መሣሪያም ስለሌለን በማሲንቆ ብንተካውስ?

አስተባባሪው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሰልፉን አይቀበሉ። ብራዚላውያን ክቡን «ሆዳ» ይሉታል፤ በእኛ ጆሮ ሆድን ቢያስታውስም ትርጉሙ መንኮራኩር ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ያሰፈረውም «የካፖዌራ ክብ» በሚል ስያሜ ነው። ዳር የቆሙት እያጨበጨቡና እየዘፈኑ ጨዋታውን ያሞቁታል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ከቤሪምባው ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ተጨባብጠው ይገባሉ፤ ቆይቶም ከዳር ያለው ይተካቸዋል። ልጆቹን በሰልፍ ካቆሟቸው የሚቀረው መገለባበጥ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሰርከስ ከእነርሱ አሳምሮ ያሳያል። ስለዚህ ክቡን በግማሽ ጨረቃ መልክ ለተመልካቹ ይክፈቱት፤ ሙዚቀኞቹንም ከኋላ፣ ከመካከል ያስቀምጧቸው። አዳራሹ የግድ ካልሆነ ግን በጣና ዳር፣ ሣር ላይ፣ አመሻሽ ላይ ቢያሳዩት እንመርጣለን፤ ሕዝቡ ራሱ ክቡን ይሠራልዎታል። በሠርግ ቤት እስክስታው ሲሞቅ ማን አዝዞት ነው ሰው የሚከበው?

ወላጆቹን በተመለከተ፣ ድብድብ የለበትም ብለው አይከራከሩ፤ አለበትና። ካፖዌራ በባርነት ወደ ብራዚል የተጋዙ አፍሪካውያን ትግልን፣ ጭፈራንና ዜማን አዋሕደው ያቆዩት ጥበብ ነው። ባርነት በ1888 እ.ኤ.አ. ቢሻርም፣ በ1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖዌራን ከልክሎ ተጫዋቾቹን በእስር ይቀጣ ነበር። የካፖዌራው መምህር ቢምባ በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ ማሠልጠኛ የከፈቱት ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። በጨዋታው የሚደነቀው ርግጫውን ማሳረፍ እየቻለ ከባላጋራው ፊት ሲደርስ የሚያቆመው ነውና፣ ወላጆቹ ልምምዱ ላይ ተገኝተው ይህንኑ በዓይናቸው ይዩ።

ማሲንቆው ቤሪምባውን አይተካም። ማሲንቆ በደጋን እየተገዘገዘ ከዘፋኙ ጋር ይዘፍናል፤ ቤሪምባው ግን በቀጭን በትር እየተመታ ያዝዛል። ጨዋታው ይፍጠን ወይም ይዝግም የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው፤ እርሱ ዝም ሲል ጨዋታውም ይቆማል። በክልከላው ዘመን ፈረሰኛ ፖሊስ መምጣቱን የሚያስጠነቅቅ ምት እንደነበረውም ይነገራል። አዝማሪ ከጋበዙ ግን ሌላ ሥራ አለው፦ የካፖዌራ ዘፈን መሪው ሲያወጣ ሌላው የሚቀበለው ስለሆነ፣ የፖርቱጋልኛውን አዝማች አስቀድሞ ለሕዝቡ አስጠንቶ «ተቀበል!» ቢል ተመልካቹ ከክቡ ይገባል።

መሣሪያውን እዚያው መሥራት ይቻላል። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው ቀርከሃ ለደጋኑ፣ የደረቀና አፉ የተቆረጠ ቅል ለማስተጋቢያው ይሆናል። ሽቦውን ከጎሚስታ ይጠይቁ፤ ብራዚላውያንም የሚያወጡት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ነው። የተጣበቀበትን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት። ከትርኢቱ በኋላ አውታሩን ማላላት አይርሱ፤ እንደተወጠረ ካደረ ደጋኑ ጎብጦ ይቀራል።